ገንፎ የሚያማስለው ሰውዬ

“የጋሽ ሀብተሥላሴ ልጅ አራስ ነው አሉ፤ ገንፎ ይዘን አንጠይቀውም እንዴ?” ያለው ሙላቱ ነበር። ጮክ ብሎ አልተናገረም፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በጄኔቫው ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ለምሳ ከተሰለፈው ሰው መካከል ሆኖ፣ ባዶ ሳህኑን ደረቱ ላይ እንደያዘ፣ ከፊቱ ለቆመው ሰው ነው ያንሾካሾከው። ጋሽ ሀብተሥላሴ ግን ሁለት ሰው ብቻ አልፈው ከኋላው ቆመው ነበርና እያንዳንዱን ቃል ሰሙ። ሙላቱ ዘወር ሲል ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። “ጨዋታ ነው እኮ ጋሼ” አለ፣ ትንሽ እንደማፈር ብሎ። በዙሪያው የነበሩት ሰዎች ለመሳቅም ላለመሳቅም የእሳቸውን ፊት ጠበቁ። ጋሽ ሀብተሥላሴ ሳቁ። ሌላው ሰው የሳቀው እሳቸውን ተከትሎ ነው።

ነገሩ ሐሰት ቢሆን ኖሮ እንደዚያ ባልከበዳቸው ነበር። ልጃቸው ጴጥሮስ የሚኖረው ዙሪክ ነው። ሚስቱ ማራኪ ትራም ነጂ ናት፤ የወሊድ ፈቃዷ ሲያልቅ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ጴጥሮስ ደግሞ አልትሽቴተን ካለው የዕቃ መጋዘን ሥራው ሦስቱን ቀን አስቀንሶ፣ ሁለት ቀን ብቻ እየገባ፣ በቀሩት ቀናት ሕፃኗን ይዞ ቤት ይውላል። ይህን የነገራቸው በስልክ ነበር፤ እሳቸውም “ይሁን፣ እናንተ ታውቃላችሁ” ብለው ዘጉት። ከሦስት ዓመት በፊት ያረፈችው ባለቤታቸው አፀደ ብትኖር ኖሮ ስልኩን ተቀብላ የቀረውን ታነጋግርላቸው ነበር። በአባትና በልጅ መካከል የሚባል ነገር ሁሉ በአፀደ በኩል ነበር የሚያልፈው። እሷ ካረፈች ወዲህ ጋሽ ሀብተሥላሴ እዚያው ጄኔቫ ሻትሌን ከሚባለው ሰፈር ካለው ሁለት ክፍል ቤታቸው፣ ከመስኮቱ ሥር ቆመው፣ በየሳምንቱ ይደውሉለታል፤ ስለ አየሩ፣ ስለ ባቡር መዘግየት፣ ስለ ደም ግፊት መድኃኒታቸው ያወራሉ፤ ከዚያ “በል እንግዲህ” ይላሉ፤ ልጃቸውም “እሺ አባባ፣ ደኅና ይሁኑ” ይላል።

ቅዳሜ ጠዋት እንደ ልማዳቸው ወደ ፕላንፓሌ አሮጌ ዕቃ ገበያ ወጡ። የሚሄዱት ለመግዛት አይደለም፤ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ቅዳሜን የሚያሳልፉት የሰው ቤት ዕቃ መሬት ላይ ተዘርግቶ እያዩ ነው፤ ጆሮው የተሰበረ የሾርባ ዕቃ፣ የማያውቁት ሰው የሠርግ ፎቶ፣ የቆመ የግድግዳ ሰዓት። አሮጌ ሥዕሎች ከሚሸጠው ሰውዬ ዘንድ ሲደርሱ አንድ ወረቀት ዓይናቸውን ያዘው። ጥቁርና ነጭ ሥዕል ነው፤ ጠርዙ ወይቧል። የሌሊት ቆብ ያጠለቀ፣ ካልሲው ቁርጭምጭሚቱ ላይ የተጠቀለለ ባል፣ ሕፃን እንደ ዳቦ በብብቱ ወሽቆ፣ በሌላው እጁ ገንፎ ያማስላል። ሕፃኑ አፉን እስከ ጆሮው ከፍቶ ያለቅሳል፤ ገንፎው ገንፍሎ እሳቱ ላይ ይፈሳል፤ ድመት ከወለሉ ትልሳለች። በሩ ላይ ሚስትየዋ ባርኔጣዋን እያስተካከለች፣ ጥቅል ወረቀት ታቅፋ፣ ወደ ኋላዋ እንኳ ሳትዞር ትወጣለች። ከግርጌው በፈረንሳይኛ የተጻፈውን ሻጩ በጣቱ እየተከተለ አነበበላቸው፤ “ወዳጄ፣ ሕፃኑ ካለቀሰ ምን እንደጎደለው በትሕትና ጠይቀው። እኔ ስለ ሰው ልጅ ነፃነት ንግግር እንዳደርግ ይጠብቁኛል።”

ሊቶግራፍ ነው የሚባለው፣ ድንጋይ ላይ ተሥሎ የሚታተም፣ አላቸው ሻጩ፤ ከመቶ ሰባ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ፓሪስ ውስጥ በቀልድ ጋዜጣ የወጣ ነው፤ ያን ጊዜ ሰው ቁርሱን እየበላ በዚህ ይስቅ ነበር። “ዛሬም ያስቃል” አለና ራሱ ሳቀ። አርባ አምስት ፍራንክ ያለውን በሠላሳ ለቀቀላቸው። ጋሽ ሀብተሥላሴ ሥዕሉን በካርቶን አስጠቅልለው ወደ ትራሙ ሲያመሩ ከእሑድ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀለል አላቸው። በገዛ አፋቸው ለልጃቸው ሊሉት ያልቻሉትን ይህ ባለ ቆብ ሰውዬ ይልላቸዋል። ማንም አይቀየምም፤ ሥዕል ነው፣ ደግሞም የሰው አገር ሥዕል ነው።

በሳምንቱ ሐሙስ ጠዋት ከኮርናቫን ጣቢያ ባቡር ተሳፈሩ። ሥዕሉን በጉልበቶቻቸው መካከል አቁመው በመስኮቱ በኩል ሐይቁን ሲያዩ ሄዱ። ፊት ለፊታቸው የተቀመጠችው ወጣት እስከ ሎዛን ድረስ ሙዝ በልታ፣ ከንፈሯን ቀብታ፣ ተኝታ፣ ነቅታ ወረደች። ከፍሪቡር በኋላ የባቡሩ ማስታወቂያ ተገለበጠ፤ ፈረንሳይኛው ወደ ኋላ ቀርቶ ጀርመንኛው ፊት ሆነ። ይህን ቦታ ሁልጊዜ አይወዱትም። ከሠላሳ ዓመት በላይ በጄኔቫ ሲኖሩ፣ በኤርፖርቱ የሻንጣ ክፍል ውስጥ ከሰርቡም ከፖርቱጋሉም ጋር እየተከራከሩ የለመዱት ፈረንሳይኛ፣ በርን ሲደርስ ዋጋው ይወድቃል። ዙሪክ ወርደው ጴጥሮስ ወደሚኖርበት ሰፈር ወደ ሽዋመንዲንገን የሚወስደውን ትራም ሲጠብቁ አንዲት ሴት የሆነ ነገር ጠየቀቻቸው፤ ባርኔጣቸውን ነካ አድርገው ፈገግ ብቻ አሉ። ትራሙ ሲመጣ ሳያስቡት አንገታቸውን ወደ ነጂው መስኮት አሰገጉ። ነጂው ጺማም ወንድ ነበር።

ጴጥሮስ በሩን የከፈተው ናኒን በጨርቅ ማዘያ ደረቱ ላይ አስሮ ነው። ናኒ ስምንት ወሯ ነው፤ ጉንጯ የአባቷ ሸሚዝ ላይ ተለጥፎ ተኝታለች። “እንኳን ደኅና መጡ አባባ፤ ቀስ ብለን፣ አሁን መተኛቷ ነው” አለ በሹክሹክታ። ለመሳሳም ሲጠጉ ሕፃኗ መሐላቸው ስለሆነች ሁለቱም በጎን ተንጋደዱና፣ ጋሽ ሀብተሥላሴ የሳሙት የልጃቸውን ጆሮ ሆነ። ጫማቸውን አውልቀው ነጠላ ጫማ አጥልቀው ገቡ። የተዝረከረከ ቤት ነበር የጠበቁት። ክፍሉ ግን ተጠርጓል፤ መጫወቻዎቹ ቅርጫት ውስጥ ናቸው፤ የታጠቡ ትንንሽ ካልሲዎች ማስጫው ላይ ጥንድ ጥንድ ሆነው ተሰቅለዋል፤ ምድጃው ላይ ያለው ድስት በቀስታ ይንተከተካል እንጂ አልገነፈለም። ሶፋው ላይ ተቀምጠው ይህን ሁሉ ሲያዩ ለምን እንደሆነ ሳያውቁ ቅር አላቸው። ሥዕሉን ከእነ ካርቶኑ ከግድግዳው አስደገፉት። “ምንድን ነው?” አለ ጴጥሮስ። “ስጦታ ነው። ማራኪ ስትመጣ እንከፍተዋለን” አሉ።

ያ ቀን ደግሞ የእነ ጴጥሮስ የልብስ ማጠቢያ ተራ ነበር። በጋራ መኖሪያ ሕንፃው ምድር ቤት ያለው ማጠቢያ ክፍል፣ የዙሪክ ሰዎች ቫሽኩሂ የሚሉት፣ ለየቤቱ በሁለት ሳምንት አንድ ቀን ይደርሳል፤ ተራው ያመለጠው ሰው የጎረቤት ፊት እያየ መለመን አለበት። ስለዚህ ጴጥሮስ ናኒን ፈትቶ አልጋዋ ላይ ካስተኛ በኋላ፣ በየመሐሉ እየወረደ አንዱን ከማሽኑ ያወጣል፣ ሌላውን ይከታል፣ ተመልሶ ወጥቶ ሽንኩርት ይከትፋል፣ ድስቱን ከፍቶ ይቀምሳል። አባቱ በዓይናቸው ሲከተሉት ቆዩ። ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ትከሻው ሰፊ ነው፤ ከጆሮው በላይ ሽበት ጣል ጣል ማድረግ ጀምሯል። ሲጎነበስ፣ ሲነሳ፣ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል ሲያደርግ አንዳች የሚያውቁት ነገር አለው፤ የማን እንደሆነ ግን ቶሎ አልመጣላቸውም። ምስር ወጥና ሩዝ ሲያቀርብ ቀምሰው ነው የገባቸው።

“የእናትህን ይመስላል” አሉ።

“እሷ ናት ያስተማረችኝ።”

“መቼ? አላየሁም።”

“እርስዎ ሥራ ሲገቡ” አለ ጴጥሮስ፣ ሰላጣውን ወደሳቸው እያስጠጋ።

 ከታች አንድ ሰው ብስክሌት ሲያስገባ የበሩ ድምፅ ተሰማ። ጋሽ ሀብተሥላሴ ሥዕሉ እስኪከፈት ሊጠብቁ ነበር ያሰቡት፤ ነገር ግን ሁለት ወንዶች ብቻቸውን ናቸው፣ ሴት የለችም፣ ሕፃኗ ተኝታለች፤ አሁን ካልሆነ መቼ ነው ብለው ጀመሩት።

“ሥራህስ እንዴት ነው?”

“ደኅና ነው። ማክሰኞና ረቡዕ እገባለሁ፤ ያን ጊዜ ናኒ ኪታ ትውላለች፤ ሕፃናት ማቆያው ማለቴ ነው። አርባ ፐርሰንት ነኝ አሁን።”

“አርባ ፐርሰንት” አሉ። “ሰው እያወራ ነው ጴጥሮስ።”

“የት?”

“ቤተ ክርስቲያን።”

“ምን ብሎ?”

“ምን ይላል… አራስ ነው ይላል። ገንፎ እንውሰድለት ይላል።”

ጴጥሮስ ማንኪያውን አስቀመጠ። ሊስቅ መስሎ ነበር፤ ግን አልሳቀም። “እርስዎ ምን አሏቸው?” ሲል ጠየቀ።

ጋሽ ሀብተሥላሴ ብርጭቋቸውን አንስተው ውኃ ጠጡ፤ የሚያስፈልጋቸውን ያህል ሳይሆን ብርጭቆው እስኪያልቅ ጠጡ። “ምን እላለሁ” አሉ። ጴጥሮስ ትንሽ ጠበቀና፣ የሚጨመር ነገር እንደሌለ ሲያይ፣ ማሽኑ ሳይጨርስ አይቀርም ብሎ ወደ ታች ወረደ።

ማራኪ የመጣችው ከቀትር በኋላ ነው፤ የትራም ነጂ ልብሷን እንደለበሰች፣ ትኩስ ዳቦ በወረቀት ይዛ። ጄኔቫ ያደገች ልጅ ናት፤ በዚያው በጄኔቫ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ስትሮጥ፣ ነጠላዋ ከጫማዋ ሥር እየገባ ስትወድቅ ያውቋታል። ፊቷ ላይ ድካም አለ፤ ቢሆንም “አባባዬ” ብላ ሦስት ጊዜ ሳመቻቸው፤ ጉልበታቸው እንዴት እንደሆነ ጠየቀች፤ ናኒ የተኛችበትን በር ገርበብ አድርጋ አየች፤ የጴጥሮስን ጀርባ ዳበስ አድርጋ አለፈች። “ስጦታ አምጥተዋል” አላት ጴጥሮስ። እጇን ታጥባ መጥታ ካርቶኑን ራሷ ፈታችው።

መጀመሪያ ፈገግ አለች። የግርጌውን ጽሑፍ በዚያ ንጹሕ ፈረንሳይኛዋ ድምፅ አውጥታ አነበበች፤ በአማርኛም ደገመችው፣ “ምን እንደጎደለው በትሕትና ጠይቀው” የሚለው ላይ ትንሽ ሳቅ እያለች። ከዚያ ዓይኗ ወደ ሥዕሉ ተመልሶ ወጣ፤ ባልየው ላይ፣ ሕፃኑ ላይ፣ በር ላይ ያለችው ሴት ላይ። ፈገግታዋ እዚያው ፊቷ ላይ ቆየ፤ ግን ሌላ ነገር ሆነ። ጴጥሮስ ከኋላዋ ቆሞ በትከሻዋ ላይ ያይ ነበር። 

“አባባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?” አለች። “እዚህ ላይ የሚሳቀው በማን ነው?”

“ቀልድ ነው እንጂ ልጄ። የድሮ ሰዎች ቀልድ ነው።”

“ቀልድነቱስ ገብቶኛል። በእኔ ነው ወይስ በሱ?”

 ገበያው ላይ ያዩት ባለ ቆቡን ሰውዬ ብቻ ነበር። ሴትዮዋ ለእሳቸው ከበሩና ከድመቷ ጋር የቆመች ነገር ነበረች፤ ማራኪ ልትሆን እንደምትችል፣ ማራኪም ራሷን እዚያ ልትፈልግ እንደምትችል ለቅጽበት እንኳ አላሰቡም። “ማንንም ብዬ አይደለም” አሉ። 

“ዛሬ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው የተነሳሁት” አለች ማራኪ፣ ሥዕሉን ጠረጴዛው ላይ እያስቀመጠች። “እንደዚህች ሴትዮ አይደለም የምወጣው፣ አባባ። በየቀኑ ዞሬ ናኒን አያታለሁ። አንዳንድ ቀን ደረጃው ላይ ደርሼ እመለሳለሁ።”

“ተይው” አላት ጴጥሮስ። “የተሣልኩት እኔ ነኝ። ቆቡ ብቻ ነው የቀረኝ።” ይህን ያለው ለማረጋጋት ነበር፤ ከዚያ ግን ወንበር ስቦ ከአባቱ ፊት ለፊት ተቀመጠ። እጆቹን ጉልበቶቹ ላይ አደረገ። “አባባ፣ ከእማማ ጋር ጄኔቫ ኤርፖርት የደረስን ቀን ትዝ ይልዎታል?”

“እንዴት አይለኝም።”

“የሥራ ልብስ ለብሰው ነበር።”

“የሥራ ተራዬ ነበር። ከታች ሮጬ ነው የወጣሁት።”

“ሰባት ዓመቴ ነው። የእርስዎን ፎቶ በየማታው ስሜ ነው የምተኛው፤ እማማ ካልሳምኩ አታስተኛኝም። ፎቶው ላይ ግን ክራባት አድርገዋል። እዚያ አንድ ብርቱካንማ ሰደርያ የለበሰ ሰው መጣና ሻንጣችንን አንስቶ መሄድ ጀመረ። እኔም ‘እማማ፣ ሰውዬው ሻንጣችንን ወሰደብን’ ብዬ ጮኼ አለቀስኩ።”

ጋሽ ሀብተሥላሴ ልቅሶውን ያስታውሳሉ። ሰው ሁሉ ዞሮ አይቷቸው ነበር። “አፀደ እንቅልፉ መጥቶ ነው ነበር ያለችኝ” አሉ።

“እንደዚያ አለችዎት?”

“እንደዚያ ነው ያለችኝ።”

 ያ ውሸት ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንዱን ከሌላው ሲሸፍን ኖሮ፣ አሁን የሸፈነችው ሴት በሌለችበት ቤት ውስጥ ተገለጠ። ማራኪ ዳቦውን ለመቁረጥ ያነሳችውን ቢላ መልሳ አስቀመጠች።

“ልወቅስዎ አይደለም” አለ ጴጥሮስ። “ናኒን ሳክል ነው ጥለውኝ ከአገር የወጡት፤ ባይወጡ ኖሮ እንደማይተርፉ አውቃለሁ። እማማ መቶ ጊዜ ነግራኛለች። እኔን ግን ማን አሳደደኝ? ማንም ሳያሳድደኝ ለምን ብዬ እንግዳ እሆንባታለሁ?” ድምፁን አላነሳም፤ የሚተኛ ሰው ባለበት ቤት ድምፅ ማነስ ልማድ ሆኖበታል። ትንሽ ቆይቶ፣ “ሰዎቹ ሲስቁ እርስዎም ሳቁ?” ብሎ ጠየቀ።

መዋሸት ይችሉ ነበር። ማን ያይባቸዋል? ሙላቱ ጄኔቫ ነው። ነገር ግን እዚያች ወጥ ቤትና ሳሎን በሆነች ክፍል ውስጥ፣ ልጃቸው የሠራውን ምስር በልተው ጨርሰው፣ ውሸቱ አልመጣላቸውም።

“ሳቅሁ” አሉ። “ከሁሉም ቀድሜ።”

ጴጥሮስ ራሱን ነቀነቀ፤ እንደተቆጣ ሰው ሳይሆን፣ የጠረጠረውን ነገር እንዳረጋገጡለት ሰው። ተነሳ፤ ቅርጫቱን አንስቶ “የመጨረሻው ልብስ ደርቋል” አለና ወጣ። የደረጃው እርምጃው እየራቀ ሲሄድ ይሰማ ነበር። ማራኪ ሥዕሉን በካርቶኑ መልሳ ጠቀለለች። “ይዘውት ይመለሱ፣ አባባ” አለች፣ ከጫማቸው አጠገብ እያቆመችው። “አልተቀየምኩም። እዚህ ግድግዳ ላይ ግን ናኒ እያየችው ታድጋለች።” ከዚያ ትንሽ ጋደም ልበል ብላ ሶፋው ላይ እግሯን አጥፋ ተኛች፤ ገና የዩኒፎርሟን ጃኬት እንኳ ሳታወልቅ እንቅልፍ ወሰዳት።

ጋሽ ሀብተሥላሴ ክፍሉ መሐል ቆሙ። ያሰቡት የምሽቱን ባቡር ነበር፤ አሁን ግን ቀድመው መሄድ አማራቸው። ካፖርታቸውን ለበሱ። ባርኔጣቸውን ሲፈልጉ ከውስጠኛው ክፍል ናኒ ነቅታ ማልቀስ ጀመረች። ማራኪን አዩ፤ አፏ ገርበብ ብሏል፤ ጣቶቿ የሶፋውን ጨርቅ እንደጨበጡ ናቸው፤ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት የተነሳች ሰው። መቀስቀስ ይችላሉ። “ማራኪ” ለማለት አፋቸውን ከፍተው ዘጉት። ገቡ።

ሕፃኗ የአልጋዋን እንጨት ይዛ ተቀምጣለች። ስታያቸው ልቅሶዋን ለአንድ ትንፋሽ አቆመች፤ አባቷ አለመሆናቸውን ባየች ጊዜ በሁለት እጥፍ ጮኸች። አነሷት። ከእጃቸው እንዳትወድቅ ፈርተው አጥብቀው ያዟት፤ እሷም እንደ ሳንቃ ተወጠረች። ልጅ በዚህ ዕድሜው ምን ያህል እንደሚከብድ አያውቁም ኖሯል። “እሹሩሩ” አሉ። ከዚያ የሚቀጥለውን አያውቁትም፤ እንደገና “እሹሩሩ” አሉ። ሶፋው ላይ ያለችው እንዳትነቃ የሳሎኑን በር በእግራቸው ዘግተው፣ የቤቱን በር ከፍተው፣ በነጠላ ጫማ፣ በካፖርት፣ እሪ የምትል ልጅ ታቅፈው ደረጃውን መውረድ ጀመሩ። በሁለተኛው ፎቅ ላይ አንዲት አሮጊት በሯን ከፍታ ወጣችና ረዘም ያለ ነገር በጀርመንኛ ነገረቻቸው። ወቀሳ ይሁን ምክር አልገባቸውም። “ዊ ማዳም፣ ዊ” አሏት። አሮጊቷ ጣቷን ወደ ምድር ቤቱ ጠቆመችላቸው።

ማጠቢያው ክፍል ሞቃት ነው፤ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። ጴጥሮስ የትራስ ልብስ እያጠፈ ነበር። ልቅሶውን ከደረጃው ጀምሮ ሰምቶት ኖሮ በሩን እያየ ጠበቃቸው።

“ማራኪ ተኝታለች” አሉ እያለከለኩ። “እንካ፣ ተቀበለኝ።”

ናኒ አባቷን ስታይ ሁለት እጇን ዘረጋች። የጴጥሮስም እጆች ተነሱ፤ መንገድ ላይ ግን ቆሙ። የትራስ ልብሱን እንደገና ያዘ።

“ይያዟት” አለ።

“እያለቀሰች እኮ ነው!”

“አዎ፣ ታለቅሳለች። አሁን ቢሰጡኝ ዝም ትላለች፤ በሚቀጥለው ሲመጡ ግን እንደገና እንደ አዲስ ታለቅስብዎታለች።” ወደ እነሱ ጠጋ ብሎ፣ ሳይነካት፣ ልጅቷ ልታየው በምትችልበት ቦታ ቆመ። “ትከሻዎን ይልቀቁት። አይወዝውዟት። ዝም ብለው ይቁሙላት፤ እኔ እዚሁ ነኝ።”

ቆሙ። ናኒ በትከሻቸው ላይ ወደ አባቷ ተንጠራርታ አለቀሰች፤ ፊቷን አዙራ ለእሳቸው ጆሮ አለቀሰች፤ የካፖርታቸው ኮሌታ በእንባና በምራቅ ራሰ። ወገባቸውን አመማቸው። ጴጥሮስ ፎጣዎቹን ጨረሰ፤ የሕፃን ልብሶቹን ጀመረ፤ አንዳንዴ ቀና ብሎ “አለሁ፣ አለሁ” ይላታል። ጋሽ ሀብተሥላሴ ለማን እንደሚል አንዳንድ ጊዜ እርግጠኛ አልነበሩም። ከብዙ ቆይታ በኋላ ልቅሶው እየተቆራረጠ መጣ፤ ሳግ ሆነ። የልጅቷ ጀርባ በመዳፋቸው ሥር ላላ ሲል ተሰማቸው። አልወደደቻቸውም፤ ደክሟት ነው። ቢሆንም ግንባሯን አንገታቸው ላይ አሳረፈች፤ ግንባሯ ትኩስ ነበር።

“አንተስ?” አሉ፣ እንዳትነቃነቅ በዝግታ። “እኔን ለመልመድ ምን ያህል ጊዜ ፈጀብህ?”

ጴጥሮስ የትንሿን ሸሚዝ እጅጌ ወደ ውስጥ አጠፈ፤ ሌላውንም አጠፈ፤ በመዳፉ ጠፍጠፍ አድርጎ ከሌሎቹ ላይ ደረባት።

“ገና ነኝ፣ አባባ” አለ።

ይህን ያለው የተጣደው ድስት በስሎ እንደሆነ የጠየቁት ሰው እንደሚመልሰው ነው፤ ያለ ቂም፣ ያለ ማባበል። ጋሽ ሀብተሥላሴ ወለሉን አዩ። ማሽኑ ውስጥ የቀረው ውኃ ሲወርድ ይንቋረራል። ሊሉ የሚችሉትን ሁሉ በልባቸው አገላበጡት፤ ስለዚያ ዘመን፣ ስለ ሌሊት ፈረቃ፣ ስለ ፎቶው ክራባት፣ ክራባቱ ራሱ የጓደኛ እንደነበር።  የቀረው ትልቁ የአልጋ ልብስ ብቻ ነበር። ጴጥሮስ አንዱን ጫፍ ይዞ ብቻውን ሊያጥፈው ሞከረ፤ ወለሉን ሲነካበት አባቱ ናኒን ወደ ግራ ክንዳቸው አዛውረው ቀኝ እጃቸውን ዘረጉ። ጫፉን ሰጣቸው። በአንድ እጅ ነውና ተንጋዶ ታጠፈ። ጴጥሮስ አላቃናውም፤ እንደተንጋደደ ቅርጫቱ ላይ አኖረው።

“ባቡርዎ ስንት ሰዓት ነው?”

“ማራኪ ነገም ትገባለች?”

“ትገባለች። ሌሊት ነው የምትወጣው።”

“እንግዲያው ባቡሩ ይቅር” አሉ። “ስትወጣ ልጅቷ እንደሆነ መንቃቷ አይቀርም። ሶፋው ላይ አድራለሁ።”

“ሶፋው ያጥርዎታል።”

“እግሬን አጥፋለሁ።”

ጴጥሮስ ለመጀመሪያ ጊዜ ትክ ብሎ አያቸው።  መብራቱን አጥፍቶ፣ ቅርጫቱን ወገቡ ላይ ደግፎ፣ ቀድሞ መውጣት ጀመረ። ጋሽ ሀብተሥላሴ ተከተሉት። በመጀመሪያው ፎቅ ትንፋሻቸው አጠረና የደረጃውን ብረት ይዘው ቆሙ። ናኒ እንደገና መነጫነጭ ጀምራለች፤ በዚያች ትንሽ እጇ ጺማቸውን እየገፋች ፊታቸውን ከፊቷ ለማራቅ ትታገላለች። ከላይ የጴጥሮስ እርምጃም ቆመ። ቅርጫቱን ደረጃው ላይ አስቀምጦ፣ ግድግዳውን ተደግፎ፣ አባቱ እስኪያርፉ ጠበቃቸው። ልጅቷን ልቀበልዎ ግን አላለም።